«ራሱን አጠፋ» የሚለው ዜና እንዴት ይነገር?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከተላለፈ በኋላ ለመጽሔቱ አንባቢዎች እንዲመች ተደርጎ የተዘጋጀ)

 

የዛሬው ርዕሳችን ከበድ ያለ ነው። ሆኖም ልጆች አጠገባችሁ ቢኖሩ ሬዲዮኑን መዝጋት አያስፈልጋችሁም፤ ጆሮ የሚያስደነግጥ ዝርዝር አናነሳም። ለምን እንደማናነሳ ወደፊት ስንሄድ ግልጽ ይሆናል። የምንነጋገረው አንድ ሰው በገዛ እጁ ሕይወቱን ሲያጣ ጋዜጣው፣ ሬዲዮው፣ ዛሬ ደግሞ በየኪሳችን ያለው ሞባይል ወሬውን እንዴት አድርገው እንደሚያደርሱን ነው።

የሸሪዓው ብይን ለአብዛኞቻችሁ አዲስ አይደለም። በሱረቱ አን-ኒሳእ 29ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ነፍሳችንን እንዳናጠፋ ከልክሎናል፤ ከክልከላው ቀጥሎ ያስከተለውም ለእኛ አዛኝ መሆኑን ነው። በየመድረኩ ግን ብዙ ጊዜ ክልከላው ይነገርና እዝነቱ ይዘለላል። ዛሬ ልናተኩርበት የፈለግነው ብዙም ያልተነገረበትን በኩል ነው። እንዲህ ያለው ሞት በደረሰ ጊዜ የምንጽፈው፣ የምናነበውና የምናስተላልፈው እኛ ምን አማና አለብን?

ጋዜጣ በታተመበት ቀን አይሞትም

አዘናን በመሰለች ከተማ ጋዜጣ በታተመበት ዕለት እጅ አይገባም። ቀናት ቆይቶ ይደርሳል፤ ከደረሰም በኋላ ሥራው አያልቅም። አንዱ አንብቦ ለሌላው ያቀብላል፤ በመጨረሻ ባለ ሱቁ ጋ ይደርስና ስኳርና በርበሬ ይጠቀለልበታል። ለእናቱ ሻይ ቅጠል ሊገዛ የተላከ ልጅ ወረቀቱን መንገድ ላይ ዘርግቶ ያነበዋል። ዘጋቢው ከዓመት በፊት የጻፈው፣ አዘጋጁም ራሱ የረሳው የአንድ ሰው አሟሟት በዚያ ልጅ ዓይን ፊት አዲስ ዜና ይሆናል። ይህን የምንለው ጽሑፍ የት ደርሶ ማን እጅ እንደሚገባ ጸሐፊው ሊያውቅ እንደማይችል ለማስታወስ ነው።

በ1985 ዓ.ም የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች በብዛት መታተም እንደጀመሩ የምናስታውስ እናስታውሳለን። ከፖለቲካው ጎን የወንጀልና የአደጋ ዓምድ ብዙ አንባቢ ነበረው። በዚያ ዓምድ ላይ ራስን የማጥፋት ዜና ሲወጣ አጻጻፉ አንድ ዓይነት ነው። የሟች ስም ከነአባቱ፣ ዕድሜው፣ ቀበሌው፣ በምን መንገድ እንደሞተ፣ ከዚያም «ምክንያቱ ይህ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር። አርዕስቱ ደማቅ ነው። ዜናው አምስት መስመር ቢሆን ነው፤ ነገር ግን በእነዚያ አምስት መስመሮች ውስጥ የሟች ገመና፣ የቤተሰቡ ክብርና የማናውቀው የአንድ አንባቢ ሕይወት አብረው አሉ።

የማናውቀው አንባቢ ስንል ማንን ነው? ከመቶ አንባቢዎች ዘጠና ምናምኑ ዜናውን አንብበው «አላህ ይጠብቀን» ብለው ገጹን ይገልጣሉ። ከመካከላቸው ግን ጭንቀት ውስጥ ያለ፣ ለሊቱን ሳይተኛ ያደረ፣ ይህንኑ ነገር በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ የቆየ አንድ ሰው ሊኖር ይችላል። እሱ ዜናውን እንደ ሌሎቹ አያነበውም። ሟቹን እንደ ራሱ ያየዋል፤ መንገዱም ሲነገረው እንደተመራ ይሰማዋል። ዘጋቢው ለዘጠና ምናምኑ ጻፈ፤ የጎዳው ግን አንዱን ነው።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። በ1774 (እ.ኤ.አ) በጀርመን አንድ ልብ ወለድ ታትሞ ነበር። ባለታሪኩ በፍቅር ምክንያት ሕይወቱን ያጠፋል። ወጣቶች እንደ ባለታሪኩ እስከመልበስ ደረሱ፤ አሟሟቱንም የተከተሉ አሉ እየተባለ ስለተወራ ላይፕዚግን በመሳሰሉ ከተሞች መጽሐፉ ታገደ። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ በ1974 (እ.ኤ.አ) ዴቪድ ፊሊፕስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነገሩን በቁጥር አየው። ከ1947 እስከ 1968 ድረስ በጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ የወጡትን እንዲህ ያሉ ዜናዎች ከአገሪቱ የሞት መዝገብ ጋር አነጻጸረ። ዜናው ከወጣ በኋላ ባለው ወር በዚሁ መንገድ የሚሞቱ ሰዎች ቁጥር ከተለመደው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ዜናው ይበልጥ በተናፈሰ መጠንም ጭማሪው ይበልጥ ነበር።

ከዚህም በላይ የሚያስተምረን የቪየና ከተማ ታሪክ ነው። የኦስትሪያ ዋና ከተማ የምድር ውስጥ ባቡሯ ሥራ የጀመረው በ1978 (እ.ኤ.አ) ነው። ከ1984 ጀምሮ በባቡር ጣቢያዎቹ ሕይወታቸውን ለማጥፋት የሚሞክሩ ሰዎች ቁጥር በድንገት አሻቀበ። ጋዜጦቹ እያንዳንዱን አደጋ ከነፎቶው፣ በደማቅ አርዕስት ያወጡት ነበር። በ1987 አጋማሽ ላይ የአገሪቱ ባለሙያዎች ለጋዜጦቹ መመሪያ አዘጋጁና ለመኗቸው። ፎቶ ይቅር፣ የአሟሟቱ ዝርዝር ይቅር፣ የፊት ገጽ ይቅር አሏቸው። ጋዜጦቹም ሰሙ። በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በጣቢያዎቹ የሚደርሰው ነገር ከሰባ በመቶ በላይ ቀነሰ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም በዝቅተኛነቱ ቆየ። ባቡሩ ያው ባቡር ነው፤ ሕዝቡም ያው ሕዝብ ነው። የተለወጠው አጻጻፉ ነው። ብዕር ሕይወት ታድናለች ሲባል የንግግር ማሳመሪያ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ታሪክ ያስታውስ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለጋዜጠኞች የሚሆን መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው በ2000 (እ.ኤ.አ) ሲሆን፣ እያሻሻለ ቆይቶ በ2023 እንደገና አሳትሞታል። ይኸው ድርጅት በ2021 ብቻ 727 ሺህ ያህል ሰዎች በዓለም ላይ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው እንዳጡ ይገምታል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ለሆኑት ከሞት መንስኤዎች ሦስተኛው ነው። ከመቶ 73ቱ የሚሞቱትም እንደ እኛ ባሉ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። «ይህ የፈረንጅ አገር ችግር ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉና ይህችን ቁጥር ያዙልን።

ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር

ከአምስቱ መስመሮች ሁሉ እኛን የምታስጨንቀን «ምክንያቱ ይህ ነው» የምትለው ናት። «ሚስቱ ጥላው ስለሄደች»፣ «ብድር ስለበዛበት»፣ «ፈተና ስለወደቀች» ተብሎ ይጻፋል። ዘጋቢው ይህን ከማን ሰማ? ብዙውን ጊዜ ከጎረቤት ነው። ጎረቤትስ ከማን? ከለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ነው።

የፈተናውን ነገር እንመልከት። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ምም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። እንግዲህ አስቡት። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ከ860 ሺህ በላይ ልጆች የማለፊያውን ነጥብ ሳያገኙ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እንጅባራም ዳንግላም አዘናም ተመለሱ። ከእነሱ ውስጥ ያለምንም ማጋነን እጅግ አብዛኞቹ አዝነው፣ አልቅሰው፣ ከዚያም ሌላ መንገድ ፈልገው ኑሯቸውን ቀጠሉ። ከፊሎቹ እርሻ ገቡ፣ ከፊሎቹ ሙያ ተማሩ፣ ከፊሎቹ ነገዱ። ታዲያ አንድ ጋዜጣ «ፈተና ስለወደቀ ራሱን አጠፋ» ብሎ በደማቁ ቢጽፍ ለቀሩት ስምንት መቶ ስልሳ ሺህ ልጆች ምን ነገራቸው? ፈተና መውደቅ ወደ ሞት የሚያደርስ ነገር ነው አላቸው። ይህ ደግሞ ውሸት ነው። ፈተናው ምክንያት ቢሆን ኖሮ አገሩ ሁሉ ባለቀ ነበር።

ሐኪሞች የሚነግሩን እንዲህ ያለው ሞት በአንድ ምክንያት እንደማይደርስ ነው። የቆየ የመንፈስ ጭንቀት፣ ያልታከመ ሕመም፣ ሱስ፣ ብቸኝነት፣ በደል፣ ድህነት ተደራርበው ይቆያሉ፤ ከዚያ በላያቸው ላይ አንድ የቅርብ ጊዜ ሐዘን ይወድቃል። ጋዜጣው ያቺን የመጨረሻዋን ብቻ ያነሳል። በነገራችን ላይ ይህ ቤተሰቡንም ይጎዳል። «ሚስቱ ጥላው ስለሄደች» ተብሎ የተጻፈባት ሴት ገበያ እንዴት ትወጣለች? «አባቱ ስለተቆጣው» የተባለ አባትስ መስጂድ ሲገባ ሰው በምን ዓይን ያየዋል? ወንጀል ሳይመሠረትባቸው፣ ዳኛ ሳይፈርድባቸው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሰው ሕይወት ዕዳ ተሸከሙ።

የሕጉንም ነገር ጨምረን እንለፍ። ብዙ ዘጋቢዎች «ራስን የማጥፋት ወንጀል» ብለው ይጽፋሉ። የአገራችን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ወደዚህ የገፋፋውን ወይም የረዳውን ነው። ተጨንቆ የሞከረውን ሰው እንደ ወንጀለኛ አያየውም። ሕጉ ያላለውን ጋዜጣ ሲለው ከሞት ተርፎ የታከመ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቀራል፤ ሌላውም «ብናገር እታሰራለሁ» ብሎ ሕመሙን ይደብቃል።

«ራሷን አጠፋች» ያለው ማን ነው?

ከአካባቢያችንም፣ ከወሎም፣ ከጅማም፣ ከአርሲም ስንት እህቶቻችን ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ሠራተኛነት እንደሄዱ ታውቃላችሁ። አንዳንድ ጊዜ ከዚያ የሚመጣው ወሬ ሁለት ቃል ነው፤ «ራሷን አጠፋች»። ቤተሰብ ቃሏን አልሰማ፣ ሐኪም አላነጋገረ፣ አስከሬኗን እንኳ ቶሎ አላገኘ። ሁለቱ ቃላት ግን ቀድመው ደርሰው ጋዜጣ ላይ ወጥተዋል።

ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በነሐሴ 2008 (እ.ኤ.አ) ስለ ሊባኖስ ያወጣውን ዘገባ እዚህ ላይ ማንሳት ተገቢ ነው። ከ2007 መጀመሪያ አንስቶ ባለው ጊዜ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች በዚያች አገር ሞተዋል። ይህ በሳምንት ከአንድ በላይ ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል የየአገሮቻቸው ኤምባሲዎች «ራስን ማጥፋት» ብለው የመዘገቡት 40 ነበር። ሌሎች 24ቱ ደግሞ ከፎቅ ወድቀው የሞቱ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከተቆለፈባቸው ቤት ለማምለጥ ሲሞክሩ ነበር። ልብ በሉ! ለማምለጥ ስትሞክር የወደቀች ልጅ የሞተችው ኑሮን ፈልጋ ነው። እሷን «ራሷን አጠፋች» ብሎ መጻፍ የሙያ ስህተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ መልስ መስጠት በማትችል ሟች ላይ የሐሰት ቃል መናገር ነው። «ራስን ማጥፋት» የተባሉትም ቢሆኑ ድርጅቱ ያነጋገራቸው ሰዎች ያነሱት ምክንያት ቤት ውስጥ መቆለፍን፣ ከአቅም በላይ የሆነ ሥራን፣ የአሠሪ በደልንና የገንዘብ ጫናን ነበር።

የሱረቱ አል-ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘናል፤ ምክንያቱንም ይነግረናል፤ ሳናውቅ ሰዎችን እንዳንጎዳና በኋላ እንዳንጸጸት ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድን «ሞታ ተገኘች፤ የሞቷ መንስኤ እየተጣራ ነው» ብሎ መጻፍ ምን ይጎዳል? አንባቢ ያጣው ነገር የለም። የሟች ክብር ግን ተጠበቀ፤ ምርመራውም እንዳይዘጋ በር ተከፈተ።

በየካቲት 2012 (እ.ኤ.አ) ቤይሩት ውስጥ ከኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አንዲት እህታችን እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትገባ በቪዲዮ ተቀረጸች። በመጋቢት ወር መጀመሪያ አንድ የሊባኖስ ቴሌቪዥን ጣቢያ አሳየው፤ ዓለምም አየው። ከቀናት በኋላ ሕክምና ላይ ሳለች በገዛ እጇ ሕይወቷ ማለፉ ተሰማ። የልጆች እናት ነበረች። ስሟን እናውቀዋለን፤ ብዙዎቻችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ግን ስሟ ለርዕሳችን አያስፈልግምና አንጠራውም።

ጣቢያው ቪዲዮውን ማሳየቱ ትክክል ነበርን? እኛ በደልን ማሳየት ተገቢ ነው እንላለን። ካሜራው ባይኖር ኖሮ ነገሩ በዚያው በር ላይ ተቀብሮ ይቀር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስለ አሠሪና ሠራተኛ ሥርዓቱ ብዙ ጥያቄ የተነሳው በዚያ ምስል ነው። ከሞተች በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። የዓለም ጋዜጦች በምን እንደሞተች ከነዝርዝሩ ጻፉ። ይህ ዝርዝር ለማን ጠቀመ? በዳዩን ለመጠየቅ አላስፈለገም። በየቤቱ ተቆልፈው ላሉት እንደ እሷ ላሉ ልጆች ግን ደረሰ። ምስሉም እስከ ዛሬ በየኢንተርኔቱ ይዞራል፤ ልጆቿ ባደጉ ቁጥር ያገኙታል። በደሉን መዘገብና አሟሟቱን መዘገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘንም።

የሟችን ገላ ለወሬ ማዋል የዚህ ዘመን ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሕይወታቸው ሲያልፍ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ጋዜጠኞች ነበሩ። ሄንሪ ስታንሊ የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ ዘጋቢ የመቅደላን መውደቅ ከሁሉም ቀድሞ በቴሌግራፍ አደረሰ፤ ስሙም በዚያ ገነነ። ወታደሮቹ ከንጉሡ ልብስ ለማስታወሻ ቀደዱ፤ ከፀጉራቸውም ተቆረጠ። ያ ፀጉር ከለንደን ሙዚየም ወደ አገሩ የተመለሰው በመጋቢት 2019 (እ.ኤ.አ) ነው። የጀግንነታቸውን ነገር ለታሪክ ሰዎች እንተወዋለን። ልጆቻችን ታሪኩን ሲማሩ ግን አንድ ነገር እንዲጨመርላቸው እንወዳለን። ትረካው ሁልጊዜ በዚያች ደቂቃ ያበቃል። ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው ልጃቸው ዓለማየሁ ግን በዚያች ደቂቃ አላበቃም፤ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፣ እናቱንም በመንገድ አጥቶ፣ በ18 ዓመቱ በ1879 (እ.ኤ.አ) በባዕድ አገር ሞተ። ከሞት በኋላ የሚቀሩት ሰዎች ታሪክ ቢነገር ኖሮ ያቺ ደቂቃ ለወጣቶች እንዲህ አምራ ባልታየች ነበር።

የእኛ የመድረክ ሰዎች ድርሻ

ጋዜጠኛውን ብቻ ወቅሰን ብናልፍ ፍትሕ አይሆንም። እንዲህ ያለ ሞት ሲደርስ በቀብሩ ቦታ ተነስቶ ሟቹን የጀሀነም የሚያደርግ ተናጋሪ አይጠፋም። ቤተሰቡ አፈሩን ሳያራግፍ ይህን ይሰማል። የክልከላውን ክብደት ማስተማር ግዴታ ነው፤ ጊዜና ቦታ ግን አለው። የአንድን የተወሰነ ሰው መጨረሻ መፍረድ ደግሞ የማንም ድርሻ አይደለም።

ኢማሙ ሙስሊም በሰሒሓቸው ከጃቢር (ረ.ዐ) የዘገቡትን ታሪክ እናስታውስ። ከአጡፈይል ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ጋር ወደ መዲና የተሰደደ አንድ ሰው ነበር። እዚያ ታመመ፤ ሕመሙን መቋቋም አቅቶት በገዛ እጁ ሞተ። አጡፈይል በሕልማቸው በመልካም ሁኔታ ላይ ሆኖ አዩት፤ እጆቹ ግን ተሸፍነው ነበር። ወደ ነቢዩ በመሰደዱ አላህ እንደማረው፣ ራሱ ያበላሸው ግን እንዳልተስተካከለለት ነገራቸው። አጡፈይል ይህን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግሯቸው ምን አደረጉ? ለእጆቹም ምሕረት ለመኑለት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሌላ ጊዜ በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ራሳቸው አለመስገዳቸው በዚያው ሰሒሕ ተዘግቧል። አብዛኞቹ ዑለማእ ሁለቱን አዛምደው፣ መሪ ወይም ታላቅ ዓሊም ለሌሎች ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ሊቀር ቢችልም ጀመዓው ይሰግድበታል፣ እንደ ማንኛውም ሙስሊም ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይቀበራል ብለዋል። ሕመም አእምሮውን የጋረደው ሰው ከሆነ ደግሞ ቀለም የተነሳለት ሊሆን እንደሚችል አንዘንጋ። ይህን ሁሉ ያወቀ ሰው መድረክ ላይ አንደበቱ ይለዝባል።

ዝም ማለትስ?

«እንግዲያውስ ጭራሽ ባይነገር አይሻልም ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁን አላችሁ። አይሻልም። ዝም ሲባል ጭንቀት ውስጥ ያለው ሰው በዓለም ላይ እንዲህ የሚያስብ እሱ ብቻ ይመስለዋል፤ ወሬውም በጓሮ እየተጋነነ ይሄዳል። በ2010 (እ.ኤ.አ) በኦስትሪያ የተደረገ ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አሳይቷል። በዚህ ሐሳብ ተይዘው የነበሩ፣ ነገር ግን ችግሩን አልፈው የኖሩ ሰዎች ታሪክ በጋዜጣ ከወጣ በኋላ የሞት ቁጥሩ ቀንሶ ተገኝቷል። የተረፈ ሰው ታሪክ የሚጠብቅ ከሆነ ጋዜጦቻችን ለምን አይጽፉትም? ቀጥ ያለ መልስ የለንም፤ ምናልባት የሞተው ስለሚሸጥ ይሆናል።

መልካም ዘገባ ምን እንደሚመስል በምሳሌ እናሳይ። አንድ ወጣት ሞተ እንበል። ዘጋቢው ስሙንና ቀበሌውን አይጽፍም፤ ሞቱ እንደተጣራ ከሆነ «ሕይወቱ በገዛ እጁ አልፏል» ብሎ በአንድ ቃል ይናገራል፤ መንገዱንና ቦታውን ይተወዋል። በውስጠኛው ገጽ፣ በለስላሳ አርዕስት ያወጣዋል። ከጎረቤት ወሬ ይልቅ አንድ የጤና ባለሙያ ጠይቆ እንዲህ ያለው ጭንቀት ምልክቱ ምን እንደሆነ ያጽፋል። ሰው ስለ ሞት ደጋግሞ ማውራት ሲጀምር፣ ለቤተሰቡ ሸክም እንደሆነ ሲናገር፣ የሚወደውን ዕቃ ሲያድል፣ ከሰው ሲርቅ ችላ አይባልም። ከዚያም ወዴት መሄድ እንደሚቻል ይነግራል። በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ጤና ጣቢያው፣ ከዚያ ሆስፒታሉ አሉ። ይህን ለመጻፍ ከአምስቱ መስመሮች ብዙ አይበልጥም።

እዚህ ላይ አንድ ፍርሃት አለ፤ «ብጠይቀው ያላሰበውን አሳስበው ይሆን?» የሚል። ባለሙያዎቹ በአንድ ቃል የሚመልሱት አይሆንም ብለው ነው። ተጨንቆ ያየነውን ወንድም በእርጋታ፣ ብቻውን፣ «ከኑሮ ሞት ይሻለኛል ብለህ ታስባለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይጭንበትም፤ ያቀልለታል። አዎ ካለ አንፈርድበትም፤ ብቻውን አንተወውም፤ በእርሻና በቤት ውስጥ ያለ አደገኛ ነገር ሁሉ እንዲቆለፍ እናደርጋለን፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም አብረን እንሄዳለን። ቁርኣን ይቀራለት፣ ዱዓ ይደረግለት፤ ይህ ሕክምናውን አያስቀርም፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል።

ዛሬ ጋዜጣው ማን ነው?

ከላይ የጋዜጣው ጉዞ እስከ ሱቅ ድረስ ነው ብለን ነበር። አሁን ያ ጉዞ ደቂቃ አይፈጅም። ፌስቡኩ፣ ቴሌግራሙ፣ ቲክቶኩ አዘጋጅ የላቸውም። ከቪየና ጋዜጦች ጋር መመሪያ ተሰጥቶ መስማማት ተችሏል፤ ስልክ ከያዘ ሰው ሁሉ ጋር ግን በየቤቱ ካልሆነ በየት እንስማማለን? አንድ አስከሬን ሲገኝ ከአምቡላንስ በፊት ስልክ የሚያወጣ አለ። እናት የልጇን መሞት ከሰው አፍ ከመስማቷ በፊት ፎቶውን በቴሌግራም ያየችበት ዘመን ነው። በሱረቱ አን-ኒሳእ 83ኛው አንቀጽ ላይ የሰላምም ሆነ የፍርሃት ወሬ ሲመጣላቸው ወደሚያውቁት ሰዎች ከመመለስ ይልቅ የሚያናፍሱ ሰዎች ተወቅሰዋል። አንቀጹ የወረደው ስልክ ባልነበረበት ዘመን ነው፤ ለስልክ ግን የተነገረ ይመስላል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ፎቶው ወይም ቪዲዮው ሲደርሳችሁ እጃችሁ ላይ ይቁም። አጥፉት፤ የላከላችሁንም በደግ ቃል ምከሩት። ልጆቻችሁ አይተውት ከሆነ አትቆጧቸው፤ ቁጣው ሌላ ጊዜ እንዲደብቁ ያደርጋቸዋል። ምን እንዳዩ፣ ምን እንደተሰማቸው ጠይቋቸው። የሚያውቁት ልጅ ሞቶ ከሆነ ደግሞ ለሳምንታት ያህል ዓይናችሁን ከእነሱ አታንሱ። መምህራንም በክፍል ውስጥ እንዲሁ።

በመስጂድ የጀናዛ ጥሪ ሲደረግ የሟች ስም፣ የሶላቱ ሰዓትና የቀብሩ ቦታ ይነገራል። የሞቱ መንስኤ በጥሪው ውስጥ ቦታ የለውም። የዕድር ለፋፊም እንዲሁ። ለተዕዚያ የሚሄድ ሰው «እንዴት ሆኖ ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ይቆጠብ፤ ቤተሰቡ ራሱ ከተናገረ ያዳምጥ፤ ካልተናገረ ስለ ሟቹ መልካም ነገር ያውራ። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) በሙእታ ዘመቻ ሲሞቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙት ለቤተሰቡ ምግብ እንዲሠራላቸው ነው፤ የደረሰባቸው ነገር ከማብሰል የሚያውላቸው ነበርና። እንጀራ ይዞ የሚገባ ሰው ጥያቄ ይዞ ከሚገባው ይልቅ ይናፈቃል።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይነሳል፤ እንግዳውም ይቀንሳል። በእንዲህ ያለ ሞት የተጎዳ ቤት ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚከብደው። ዘመዶቹ «ምነው ባወቅን ኖሮ» እያሉ ራሳቸውን ሲከሱ ይከርማሉ፤ ከእነሱም መካከል በዚያው ሐሳብ የሚያዙ እንዳሉ ይታወቃል። በመሆኑም በሁለተኛው ሳምንት፣ በወሩ፣ ፈተናው ሲደርስ፣ የዒድ ዕለት ጠዋት ጎራ በሉ። ቡና ከተፈላ ቁጭ በሉ፤ ካልተፈላም አንድ ጀበና ይዛችሁ ሂዱ።